ቀን ክሬዲት፣ ማታ ዴቢት

ባንክ ቤት መስኮት ላይ የምትሠራ ልጅ፣ ደንበኛው 5,000 ብር ሲያስገባ ሒሳቡን ክሬዲት ታደርጋለች። ሲያወጣ ዴቢት። ይህንን ከጠዋት እስከ ማታ ስትደጋግመው ስለምትውል ማሰብ እንኳ አያስፈልጋትም። ከሥራ ወጥታ፣ ታክሲ ተሰልፋ፣ የማታ ክፍሏ ስትደርስ ግን መምህሩ ሰሌዳው ላይ ትልቅ «ቲ» ይስልና «ጥሬ ገንዘብ ሲገባ ዴቢት፣ ሲወጣ ክሬዲት» ይላል። ከኋላ ወንበር የተቀመጡት የባንክ ሠራተኞች እርስ በርስ ይተያያሉ። አንዱማ ደፍሮ «መምህር፣ ተገላቢጦሽ አይደለም እንዴ?» ይላል።

ተገላቢጦሽ አይደለም። ሁለቱም ልክ ናቸው። ደንበኛው ያስገባው 5,000 ብር ለባንኩ ዕዳ ነው፤ ባለቤቱ በጠየቀ ጊዜ የሚመልሰው። ዕዳ ሲጨምር ደግሞ በክሬዲት በኩል ይመዘገባል። በዚያችው ቅጽበት ካዝና የገባው ጥሬ ብር የባንኩ ንብረት ስለሆነ በዴቢት በኩል ተመዝግቧል። ይህኛውን ግማሽ ሲስተሙ ራሱ ስለሚጨርሰው ልጅቷ አይታው አታውቅም። መምህሩ የሚያስተምረው ከጥሬ ገንዘቡ በኩል ቆሞ ነው፤ እሷ ስትሠራ የኖረችው ከደንበኛው ሒሳብ በኩል ቆማ ነው።

ሥራ ይዞ የቢዝነስ ዲግሪ የሚማር ሰው ዋና ፈተና እዚህች ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ስለ ማታ ተማሪ ሲወራ ድካሙ፣ የልጆቹ ነገር፣ የትራንስፖርቱ ጣጣ ይነሳል፤ ሁሉም እውነት ነው። ከድካሙ በላይ ውጤት የሚያበላሸው ግን «ይህንንማ አውቀዋለሁ» ብሎ ማለፍ ነው። የትምህርቱን ግማሽ እጁ ያውቀዋል። ሌላው ግማሽ ግን በእጅ የማይደረስበት ነው፤ ፈተና ላይ የሚመጣውም በአብዛኛው እሱ ነው።

ክፍሉ ውስጥ የሚቀመጠው ሰው ብዙ ዓይነት ነው። ገንዘብ ያዥ አለ፣ የንብረት ክፍል ሠራተኛ አለ፣ መርካቶ ሱቁን ለታናሽ ወንድሙ አደራ ብሎ የሚመጣ ነጋዴ አለ፣ በደረጃ አራት ተመርቃ በሙያ ብቃት ምዘና አልፋ ዓመታት ያገለገለች ሒሳብ ሠራተኛ አለች። ብዙዎቹን ያመጣቸው ዲፕሎማ ይዘው የማይሻገሩት እርከን ነው። የሥራ ማስታወቂያው «የመጀመሪያ ዲግሪ» ሲል ከሥሩ ስንት ዓመት ልምድ ቢደረደር ዋጋ የለውም። መምህሩ ከተማሪዎቹ እኩሌታ በዕድሜ ያንሳል። ከሁሉ የሚበልጡትን ሰው ክፍሉ በሙሉ «ጋሼ» ይላቸዋል፤ ብዙ ጊዜም የክፍል ተወካይ ሆነው የሚመረጡት እሳቸው ናቸው፣ ከመምህር ጋር ቀን ለማስቀየር ከሳቸው የተሻለ ሰው የለምና። በአዲስ አበባ ይህ ዓይነቱ ተማሪ አዲስ አይደለም። በ1935 ዓ.ም. በንግድ ሥራ ትምህርት ቤትነት የተመሠረተው፣ ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አካል የሆነው የሰንጋ ተራው ኮሜርስ ስንቱን ጸሐፊና ሒሳብ ሠራተኛ ማታ ማታ አስተምሮ አስመርቋል።

ልምድ በግልጽ የሚጠቅምበት ቦታ ደግሞ አለ፤ አንዱ ፔሮል ነው። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ የደመወዝ ግብር ሠንጠረዥ ተቀይሯል፤ ከግብር ነፃ የሆነው ገቢ ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ ብሏል፣ 35 ከመቶ የሚጀምረውም ከ14,000 ብር በላይ ነው። ደመወዝ የምትሠራ ተማሪ ይህን ከመምህሯ ቀድማ ታውቃለች፤ በዚያው ወር ሠርታ ከፍላበታለች። 12,000 ብር የሚያገኝ ሠራተኛ በድሮው ሠንጠረዥ 2,700 ብር ይቆረጥበት ነበር። በአዲሱ 12,000ን በ30 ከመቶ ታባዛና 1,350 ትቀንሳለች፤ 2,250 ብር። የሠራተኛው ጡረታ 7 ከመቶ፣ 840 ብር። እጁ ላይ የሚደርሰው 8,910 ብር ነው። እዚህ ድረስ ማሽን አያስፈልጋትም ማለት ይቻላል። ፎቶ ኮፒ ቤት የሚሸጠው የድሮ ሃንድአውት 600 ብር የሚለውን ይዞ ከተገኘ የምትስቀውም እሷ ናት።

መምህሩ ቀጥሎ «1,350 ከየት መጣ?» ሲል ግን ክፍሉ ጸጥ ይላል። መሥሪያ ቤት ውስጥ ቀመሩን ኤክሴል ላይ የጻፈው ሌላ ሰው ነው፤ ምናልባትም ከለቀቀ ቆይቷል። መልሱ ያን ያህል ከባድ አይደለም። 12,000ውን በሙሉ በ30 ከመቶ ማባዛት፣ ዝቅ ባለ መጠን ሊሰላ የሚገባውንም ገንዘብ በ30 ማስላት ነው። ስለዚህ በትርፍ የተሰላው ይመለሳል። ከመጀመሪያው 2,000 ላይ 600 ብር፣ ከተከታዩ 2,000 ላይ 300፣ ከ3,000 ላይ 300፣ ከቀጣዩ 3,000 ላይ 150፤ ድምሩ 1,350። ይህን አንድ ጊዜ ወረቀት ላይ የሠራ ሰው ሠንጠረዡ ነገ ቢቀየርም ቀመሩን ራሱ ያወጣዋል፤ ከሰው ፋይል ኮፒ አይጠብቅም።

ፒችትሪም እንዲሁ ነው። ብዙ የግል ድርጅት የሚሠራበት ይህ ሶፍትዌር ደረሰኝ ሲገባለት ሌጀሩን ራሱ ያስተካክላል፣ ትሪያል ባላንሱንም ራሱ ያወጣል። ለዓመታት ፒችትሪ ላይ የሠራ ሰው ወረቀትና እርሳስ ተሰጥቶት የዓመት መዝጊያ ማስተካከያ አድርግ ሲባል ይደናገራል። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሒሳብ ሠራተኛ ችግር ሌላ ነው። የፌዴራል መንግሥት ሒሳብ በተሻሻለ የጥሬ ገንዘብ ስልት የሚያዝ ስለሆነ ወጪ ለሱ በአመዛኙ ገንዘብ ሲከፈል የሚመዘገብ ነገር ነው። መጽሐፉ ደግሞ ብሩ ገና ባይከፈልም አገልግሎቱ ከተገኘ ወጪው ተፈጽሟል ይለዋል። ለ18 ዓመቱ ተማሪ ይህ አዲስ ትምህርት ነው፣ ይቀበለዋል። ለእሱ ግን የኖረበትን አሠራር ለሁለት ሰዓት ከጭንቅላቱ ማውጣት ይጠይቀዋል።

የቀን መቁጠሪያውስ? የኢትዮጵያ በጀት ዓመት ሰኔ 30 ይዘጋል። ሒሳብ ክፍል የሚሠራ ሰው በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ መጀመሪያ ቤቱን እንኳ በቅጡ አያየውም፤ ቆጠራ አለ፣ ያልተወራረደ ቅድሚያ ክፍያ አለ፣ ኦዲተር አለ። የሁለተኛው ሴሚስተር ማጠቃለያ ፈተናም እዚያው ሰሞን ይመጣል። ይባስ ብሎ በሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርቶች የመውጫ ፈተና ሲጀመር የመጀመሪያው የተሰጠው በሐምሌ 2015 ነበር። ማለፊያው ከመቶ 50 ነው፤ ያላለፈ ትምህርቱን ቢጨርስም ዲግሪውን አያገኝም፣ እንደገና መፈተን ይችላል እንጂ። በዚያ ዙር ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መደበኛ ተማሪዎች 62 ከመቶ ያህሉ ሲያልፉ ከግል ተቋማት ያለፉት 17 ከመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። ቁጥሩ ያስደነገጠው ሰው ብዙ ነው፤ የግል ኮሌጅ ሁሉ ወረቀት ሻጭ ነው ያለም አልጠፋ። ይህ ፍርድ ትንሽ የቸኮለ ይመስላል። ፈተናው ከመጀመሪያዎቹ ኮርሶች አንስቶ እስከ ኮስት፣ ኦዲቲንግና ታክስ ድረስ በአንድ ቁጭታ ይጠይቃል። መደበኛው ተማሪ በአራት ዓመት የሚጨርሰውን ማታ የሚማረው በየሴሚስተሩ ጥቂት ኮርስ እየወሰደ ከዚያ በላይ ስለሚቆይበት፣ የመጀመሪያውን ኮርስ ደብተር የት እንዳስቀመጠው ሲያስታውስ ራሱ ዕድለኛ ነው። ጥያቄው በእንግሊዝኛ፣ በምርጫ፣ ኮምፒውተር ላይ ነው። ሥራ ላይ ያወቀውን በመጽሐፉ ስም ካልጠራው ምርጫዎቹ ሁሉ አንድ ይሆኑበታል።

የቡድን ሥራን ነገር ያልቀመሰው አያውቀውም። ለአምስት ሰው የተሰጠ አሳይመንት ቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ይጀመራል፤ አንዷ ትሠራዋለች፣ አንዱ ያሳትመዋል፣ ሦስቱ «ስሜን እንዳትረሱ» ብለው ይጽፋሉ።

የትምህርት ክፍያው በክሬዲት አወር ስለሚሰላ ብዙዎች የመመዝገቢያውን ብር በዕቁብ ያደርሱታል፤ ዕጣው ሴሚስተር ሲከፈት እንዲወጣላቸው ከዕቁብተኛ ጋር ተራ የሚለዋወጡ አሉ። ወጪውን የሚሸፍን መሥሪያ ቤትም አይጠፋም፣ ከምርቃት በኋላ ለተወሰነ ጊዜ የማገልገል ግዴታ እያስፈረመ። ግዴታው የሚቆጠረው ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ፣ ቢለቁ ምን ያህል እንደሚመለስ ሳያነቡ መፈረም ደግ አይደለም። ኮሌጅ ሲመረጥም «ዕውቅና አለን» የሚለው ባነር አይበቃም። የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ፈቃድ የሚሰጠው በየትምህርት መስኩና በየካምፓሱ ነው፤ መደበኛና ርቀትም ለየብቻ ይታያሉ። አንድ ካምፓሱ ለአካውንቲንግ ተፈቅዶለት ሌላው ያልተፈቀደለት ተቋም ሊኖር ይችላል። ተመዝጋቢው ማረጋገጥ ያለበት የሚማርበትን መስክ፣ ሕንፃና የትምህርት ዓይነት ነው።

ለፈተና የሚሆን ፈቃድ ከየት ይመጣል ለሚለው፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለሚማር ሠራተኛ የተወሰነ ቀን አልቆረጠም፤ ፈቃዱ እንዴት እንደሚሰጥ በኅብረት ስምምነት ወይም በሥራ ደንብ ሊወሰን እንደሚችል ይላል እንጂ። የኅብረት ስምምነት ባለበት ድርጅት ሠራተኛ ማኅበሩን ጠይቆ ያንን አንቀጽ ማንበብ ነው። በሌለበት የሚቀረው የዓመት ፈቃድ ነው፤ በአዋጁ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን፣ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን እየተጨመረ። ችግሩ ሒሳብ ክፍል በሰኔና በሐምሌ ፈቃድ መስጠት አለመውደዱ ነው። ስለዚህ የነቁት ተማሪዎች የፈተና ፕሮግራሙ ገና ሳይለጠፍ፣ በሚያዝያ ግድም፣ ከሬጅስትራር ደብዳቤ አጽፈው ለአለቃቸው ያስገባሉ፤ የመዝጊያው ሥራ ሲከፋፈልም ቆጠራውን እነሱ ወስደው የሐምሌ የመጀመሪያ ሳምንትን ሪፖርት ለባልደረባ ይተዋሉ።