ቀን የሌለው ማስጠንቀቂያ፣ «በጋ ነው» የሚለው መልስና የኔ ንዴት

ጫግኒዎች፣ በችኮላ ነው የምጽፈው፤ ፊደል ብገድፍ ታገሡኝ።

ዛሬ ጠዋት ቢሮ ሳልገባ አንድ ዓይነት ምስል ከስምንት ሰው ተላከልኝ። ቀይ የተቀባ ካርታ፣ ከሥሩ «ከባድ ጎርፍ ይጠበቃል፤ ለወዳጅ ዘመድዎ ያጋሩ»። ቀን የለውም። ማን እንዳወጣው አይልም። አጉልቼ ሳየው ቀዩ ያረፈው ዋቢ ሸበሌ ላይ ነው። ከኛ እስከ ጎዴ አገሩን ከዳር እስከ ዳር ማቋረጥ ነው እኮ! ከሰዓት ደግሞ ሌላው ተነሣ፦ «በጋ ነው፣ ትንበያው ደረቅ ነው፣ ጎርፍ የሚባል ነገር የለም፣ ተረጋጉ»። ለኔ ይኼኛው ይብሳል። የመጀመሪያው በከንቱ ያስደነግጣል፤ ሁለተኛው ሰው ወንዝ ዳር ያስተኛል። ስለዚህ በቁጥር በቁጥር ላስቀምጠው።

1. «ደረቅ» የሚለው ትንበያ የሚናገረው ስለ ሰፊ አካባቢ ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው በጋ ዝናብ አምጪው የአየር ሥርዓት ወደ ደቡብ ስለሚሸሽ በኛ በኩል ፀሐይ፣ ነፋስና የሌሊት ብርድ ያመዝናል። ይህ ትክክል ነው። ግን ከሜዲትራንያን በኩል የሚወርድ ቀዝቃዛ የላይኛው አየር ከደቡብ የሚመጣ እርጥበት ካገኘ በበጋም ይዘንባል። 2012 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳርን የረሳ አለ? የሕንድ ውቅያኖስ ምዕራባዊ ክፍል ከወትሮው ሞቆ ምሥራቅ አፍሪካን በሙሉ ያለ ወቅቱ አጠባት። እኛም አገር የደረሰ ሰብል ሳይበላሽ እንዲሰበሰብ ተማሪው ሳይቀር ለአጨዳ ወጥቶ ነበር። ያኔም ወቅቱ «በጋ» ነበር። 2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ደግሞ ኤልኒኖ ሲመጣ ሶማሌ ክልል በጎርፍ በመቶ ሺዎች ተፈናቀሉ፣ እኛ ግን እዚህ አቧራ ስንቅም ነበር። ያ ዛሬ የላካችሁልኝ ካርታ ከዚያ ዘመን የተረፈ ቢሆን አይደንቀኝም።

2. ጎርፍ እናንተ ጋ እስኪዘንብ አይጠብቅም። ድሬዳዋ በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ በአንድ ሌሊት ከ250 በላይ ሰው ያጣችው በራሷ ሰማይ በወረደ ዝናብ ብቻ አይደለም። ሐረርጌ ደጋ ላይ የዘነበው ውኃ ነው በደቻቱ አሸዋ ወርዶ የተኛ ሰው የወሰደው። ደቻቱን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው፣ ሰው ይነግድበታል፣ መኪና ያቆምበታል። አሁን ወደ ቤታችን ኑ። እንጅባራ ከ2,500 ሜትር በላይ ናት፣ ጫግኒ 1,600 ገደማ። አርዲና ዱራ ወንዞቻችን ውኃቸውን የሚያገኙት ከዚያ ከደጋው ነው። እንጅባራ ላይ ደመና ሲጠቁር ጫግኒ ላይ ያለ ሰው ሸሚዙን አውልቆ አሸዋ ይጭናል። ወንዙ ውስጥ የምትሠሩ ልጆች፣ ሰማዩን ስታዩ በራሳችሁ ላይ ያለውን ብቻ አትዩ፤ ወደ ምሥራቅ ዞር በሉ። የውኃው ቀለም ድንገት ከደፈረሰ፣ ቅጠልና ጭራሮ መምጣት ከጀመረ፣ አካፋችሁን ትታችሁ ውጡ። አካፋ ይገዛል።

ስለ በለስ ወንዝ ደግሞ ለብቻው። ወደ ጃዊና ፓዊ ለቀን ሥራ ለምትወርዱ ነው ይኼ። የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ ግንቦት 2002 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ የጣና ውኃ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሆን ዋሻ ተጉዞ፣ 460 ሜጋ ዋት በሚያመነጩ ተርባይኖች አልፎ ወደ በለስ ይገባል። ምን ያህል እንደሚለቀቅ የሚወስነው የመብራት ፍላጎት ነው፤ የጫግኒም ሆነ የጃዊ ሰማይ ምንም አያገባውም። አባቶቻችን በታኅሣሥና በጥር በእግራቸው የሚሻገሩት ወንዝ ዛሬ የለም። ይህን ሳያውቁ በድሮው መልካ የገቡ ሰዎች ሰጥመዋል። የአየር ትንበያ ስለዚህ ውኃ አንዲት ቃል አይነግራችሁም፤ መናገርም ሥራው አይደለም። ታዲያ «ትንበያው ደረቅ ነው» ብሎ በለስ የሚገባ ሰው ምኑን አነበበ?

3. የስልክ አፕ። «ጋሼ፣ ስልኬ ዜሮ ሚሊ ሜትር ይላል» ትሉኛላችሁ። ስልካችሁ ጫግኒ ላይ የዝናብ መለኪያ የለውም። ዓለም አቀፍ ሞዴል ምድርን በአራት ማዕዘን ከፋፍሎ ያሰላል፤ የአንዱ ጎን ከ9 እስከ 25 ኪሎ ሜትር ሊሆን ይችላል። ቆላውን፣ ወይና ደጋውንና የተራራውን ጫፍ አማክሎ አንድ ቁጥር ይሰጣችኋል። ደግሞ የቀን ድምር ፍጥነትን ይደብቃል። 30 ሚሊ ሜትር ሙሉ ቀንና ሌሊት ቢያካፋ ለጓሮ ጎመን በረከት ነው። ያው 30 ሚሊ ሜትር በግማሽ ሰዓት ከወረደ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ 30,000 ሜትር ኩብ ውኃ ነው። ሰብሉ በተነሣበት፣ ከብት ረግጦ በደፈነው መሬት ላይ ከሆነ ደግሞ አብዛኛው ሳይሰርግ ወደ ቦይ ይሮጣል። ቦዩም የፌስታልና የውኃ ፕላስቲክ ማጠራቀሚያ ሆኗል፤ ይህን ለማወቅ ባለሙያ አያስፈልግም፣ ገበያ ስትሄዱ ጎንበስ ብላችሁ እዩ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ቁጥሩን ተዉት።

ቀን የሌለው ማስጠንቀቂያ ከየት ይመጣል? ሁላችሁም «ቲክቶከሮች» ትላላችሁ። ከነሱም ይመጣል። ብዙው ግን ከራሳችን ከመንግሥት ሠራተኞች ነው የሚፈለፈለው፣ እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ። ሚቲዎሮሎጂ የአሥር ቀን ትንበያ ያወጣል። ባሕር ዳር ያሉት ባለሙያዎች ሥራቸውን ሠርተው፣ ቀኑን ጠብቀው ያወጣሉ። ከዚያ በኋላ ግን ትንበያው ደብዳቤ ይሆናል። ቁጥር ይሰጠዋል። ማኅተም ይፈልጋል። የሚፈርመው ሰው ስብሰባ ላይ ነው። ሲመለስ ይፈርማል፣ ስካን ይደረጋል፣ ወደ ታች ይወርዳል። ታች ያለው «በቀን እንዲህ በቁጥር እንዲህ በተጻፈ ደብዳቤ እንደተገለጸልን» ብሎ የራሱን መሸኛ ይጨምርበታል፣ የራሱን ማኅተም ይመታል። ቀበሌ ሲደርስ አሥሩ ቀን ሊያልቅ ነው፣ ወይም አልቋል። ስሙን የማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት «በሚቀጥሉት አሥር ቀናት» የሚል ማሳሰቢያ ቀኖቹ ካለፉ በኋላ ሲበትን በዓይኔ አይቻለሁ። ሲጠየቁ «እኛ በወቅቱ ወጪ አድርገናል» አሉ። ወጪ መዝገቡ ላይማ ቀኑ ልክ ነው፤ የገበሬው የዳጉሳ ክምር ግን እስከዚያ በስብሷል።

ልብ በሉልኝ፣ ቀኑ የተጻፈው ደብዳቤው ላይኛው ጥግ ላይ ነው። ውስጡ «በሚቀጥሉት አሥር ቀናት» ብቻ ይላል። አንድ የቀበሌ ሠራተኛ በቅንነት በስልኩ ፎቶ ያነሣል፣ ጽሑፉ እንዲታይ ይቆርጠዋል፣ መጀመሪያ የሚቆረጠው ያ ጥግ ነው። ከዚያ በኋላ ያ ወረቀት አይሞትም። በሚቀጥለው ዓመት ይመለሳል፣ ከዚያም በሚቀጥለው። ቀኑ የተፋቀ መድኃኒት ከመደብር ቢሰጡን እንቀበላለን? ታዲያ ትንበያን ለምን?

መፍትሔው አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት፤ በጀት አትፈልግ፣ ሥልጠና አትፈልግ፣ ሆቴል አትፈልግ። «በሚቀጥሉት» የሚለውን ትታችሁ «ከታኅሣሥ 11 እስከ 20» ብላችሁ ጻፉ፤ ዓመቱንም ጨምሩ። ይህን በተደጋጋሚ አንሥቻለሁ። መልሱ «ፎርማቱ ከላይ ነው የሚመጣው» ነው። ላይኞቹ ደግሞ ታችኞቹ እንዳልጠየቁ ይናገራሉ።

ሌላው «አስፈላጊው ቅድመ ጥንቃቄ እንዲደረግ እናሳስባለን» የሚለው መዝጊያ ነው። ምንድን ነው አስፈላጊው? ለማን? «ሞተር ፓምፕህን ማታ ከወንዝ ዳር አንሣ፣ ክምርህን ከፍ ካለ ቦታ አድርገህ ሸፍን፣ ልጅህን ለብቻው ወንዝ አታውርድ» ለማለት ማኅተም ያስፈልጋል? እሱም በአማርኛ ብቻ፣ በቢሮ አማርኛ። አሚኮ የአዊኛ ሥርጭት አለው፣ ገበሬው ሬዲዮ ይሰማል፣ ኔትወርክ ሲጠፋ ሬዲዮ አይጠፋም። የኛዋ ማሳሰቢያ ግን ሰሌዳ ላይ ተለጥፋ ፀሐይ ትመታለች።

«ገበሬው መረጃ አይገባውም» የሚሉ ደግሞ አሉ፤ በተለይ እንደኔው ካሉ የመንግሥት ሠራተኞች ይህን ስሰማ ደሜ ይፈላል። ዳንግላ ወረዳ ዳንገሽታ ቀበሌ ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ዝናብ፣ የወንዝ ከፍታና የጉድጓድ ውኃ ሲለኩ የነበሩት የቀበሌው ነዋሪዎች ናቸው። ዝናቡን በየቀኑ ጠዋት፣ የክልቲንና የብራንቴን ወንዝ ከፍታ ጠዋትና ማታ። ከእንግሊዝ የመጡ ተመራማሪዎች የነሱን መዝገብ ከመደበኛ ጣቢያዎች መረጃ ጋር አነጻጽረው ጥራቱ እንደማያንስ በሳይንስ መጽሔት አሳትመዋል። ዳንገሽታ ከኛ ሩቅ አይደለም። አርዲ ድልድይ ላይ ቀለም የተቀባ የከፍታ መለኪያ ማቆምና ለሁለት ጎረምሳ የስልክ ካርድ መሙላት ስንት ይፈጃል? ደጋው ላይ ሌላ ሁለት ሰው ቢኖር ደግሞ ጎርፉ ሳይደርስ ስልክ ይደርሳል። እኛ ግን «የቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት ማጠናከሪያ» የሚል ባነር አሠርተን ፎቶ እንነሣለን።

በቃ፣ ብዙ ተናገርኩ። ለዚህ ቻናል አባላት፦ ምስል ስትልኩልኝ ሦስት ነገር ከሌለው አልመልስም። ማን አወጣው፣ ከመቼ እስከ መቼ ነው፣ የቱ አካባቢ ነው። «ከታማኝ ምንጭ» የሚል ጽሑፍ ምንጭ አይደለም።

ነዶ ያልከመራችሁ፣ ደመና ባይኖርም ማታ ማታ ሸራ አልብሱ፤ ሸራው ቢያንስ ከጤዛ ያድናል።

ደግሞ ከወዲሁ «ጥር 23 የፈረሰኞቹ በዓል ላይ እንጅባራ ይዘንባል ወይ?» እያላችሁ ለምትጠይቁኝ፦ አላውቅም። እንዲህ ከሩቅ የአንዱን ቀን ዝናብ ማንም አያውቅም፤ አውቃለሁ የሚላችሁም ይዋሻል። ጥር 20 ጠይቁኝ።