ባልና ሚስት ሲፋቱ የልጅ ዕጣ፦ ከደብረ ወርቅ ልማድ እስከ ዘመኑ ሕግ

በጎጃም፣ በእናርጅ እናውጋ ወረዳ ርእሰ ከተማ በደብረ ወርቅ፣ ጥንታዊው የማርያም ደብር በቆመበት በዚያ ደጋ አገር፣ ጋብቻ በወላጆች ስምምነትና በሽማግሌዎች ምስክርነት ሲመሠረት እንደ ኖረ ሁሉ፣ ፍቺውም በሽማግሌዎች ፊት ሲፈጸም ቆይቷል፤ ይሁን እንጂ ከብቱና እህሉ ለሁለት ከተከፈለ በኋላ፣ ሊከፈል የማይቻለው የአብራክ ክፋይ ከማን ዘንድ ይደግ የሚለው ነገር ከጥሎሽና ከንብረት ሙግት ሁሉ የከበደ ሆኖ ይገኛል። የዚህ ዳሰሳ ዓላማ ጉዳዩ በአገሩ ልማድ፣ በመንግሥት ሕግና በፍርድ ቤት አሠራር እንዴት ሲታይ እንደ ኖረ በቅደም ተከተል ማስረዳት ነው።

በሥርዓተ ተክሊልና በቅዱስ ቁርባን የጸና ጋብቻ በቤተ ክርስቲያን ዘንድ በሰው ፈቃድ የማይፈርስ ኪዳን ስለሆነ፣ ፍቺ በብዛት የሚታየው በሰማንያ በተጋቡት ዘንድ ነው። ወላጆች ሲፋቱ በልማዱ መሠረት ጡት ያልጣለ ሕፃን ከእናቱ እቅፍ አይለይም፤ ከፍ ያለው ወንድ ልጅ ብዙ ጊዜ ከአባቱ ከብት ኋላ ይሰማራል፣ ሴት ልጅ ለእናቷ ረዳት ትሆናለች፣ አባት ሌላ ሚስት ሲያገባ ወይም እናት ወደ ሌላ አገር ስትዳር ደግሞ ልጁ ወደ አያቶቹ ቤት ይሄዳል። ከዚህ ሁሉ ጋር የጎጃም ልማድ አንድ ትልቅ ጥበብ ነበረው። አለን ሆበን የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ በዚያው በጎጃም በደጋ ዳሞት ያደረገውን ጥናት እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፣ ርስት በአባትም በእናትም ሐረግ የሚወረስ ስለ ነበረ፣ ወላጆቹ ቢለያዩም ልጅ ከሁለቱም ወገን ያለው መብት አይቋረጥም ነበር። በ1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ርስትን ቢያስቀርም፣ ልጅ የሁለቱም ወገን መሆኑን የሚመሰክረው ይህ እምነት ግን ዛሬም ሊረሳ አይገባውም።

በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ይህን የልማድ ነገር ወደ ጽሑፍ ሕግ አመጣው። የፍቺን ክርክር አስቀድሞ የሚመለከቱት የዘመድ ዳኞች ሲሆኑ፣ በቁጥር 681 ስለ ልጆች አጠባበቅ የሚሰጠው ውሳኔ የልጆቹን ጥቅም ብቻ የሚመለከት እንዲሆን፣ ከባድ ምክንያት ካልተገኘም ልጆች እስከ አምስት ዓመት ዕድሜያቸው ከእናታቸው ጋር እንዲኖሩ ተደነገገ። እንግዲህ የልጅ ጥቅም የሚለው ሐሳብ በአገራችን ሕግ ከስድሳ ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው መሆኑ ከዚህ ይታወቃል።

ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የሕፃናት መብቶች ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1991 ከተቀበለች በኋላ፣ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃን ወላጆቹን የማወቅና የእነርሱን እንክብካቤ የማግኘት መብት እንዳለው፣ ሕፃናትን በሚመለከት እርምጃ ሁሉም ደኅንነታቸው በቀደምትነት ሊታሰብ እንደሚገባ አጸና። ይህን ተከትሎ የወጣው የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ፍቺን የማጽናትና የመወሰን ሥልጣንን ለፍርድ ቤት ሰጥቶ፣ ዳኛው ልጆቹ ከማን ጋር እንደሚኖሩ፣ ስለ ትምህርታቸው፣ ስለ ጤናቸውና ስለ ቀለባቸው፣ ወላጆችና ልጆች ስለሚጠያየቁበትም ሁኔታ እንዲወስን በአንቀጽ 113 ያዝዘዋል፤ በዚህም ጊዜ የተጋቢዎቹን ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤንነትና አኗኗር፣ የልጆቹንም ዕድሜና ጥቅም ያመዛዝናል። የአማራ ክልልም የራሱን የቤተሰብ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 79/1995 ስላወጣ፣ የደብረ ወርቅ ተከራካሪ የሚዳኘው በዚሁ ሕግ ነው።

ስለ ሕጉ አፈጻጸም ከሁሉ የሚጠቀሰው የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት በመዝገብ ቁጥር 23632 የሰጠው ውሳኔ ነው። እናቱ የሞተችበትን ልጅ አክስቱ ስታሳድገው ቆይታ አባቱ ሞግዚትነቱን በጠየቀ ጊዜ፣ የሥር ፍርድ ቤቶች ለወላጅነቱ ሲሉ ፈቀዱለት፤ ሰበር ችሎቱ ግን ሕገ መንግሥቱንና የሕፃናት መብቶች ስምምነቱን መሠረት አድርጎ፣ ወላጅነት ብቻውን በቂ እንዳልሆነ፣ ከሁሉ የሚቀድመው የሕፃኑ ጥቅም እንደሆነ በመፍረድ ውሳኔውን ሻረው። የሰበር ችሎት የሕግ ትርጓሜ በአዋጅ ቁጥር 454/1997 በየደረጃው ባሉ ፍርድ ቤቶች ላይ አስገዳጅ ስለ ተደረገ፣ ይህ ሐሳብ በወረዳ ችሎት ለቀረበ ሕፃንም ጋሻ ይሆነዋል።

ችግሩ ግን ከፍርድ በኋላ ይጀምራል። ገበሬ ገቢውን የሚያገኘው እህሉን ሲሰበስብ ሆኖ ሳለ ቀለብ በየወሩ በገንዘብ ሲቆረጥበት ለመክፈል ይቸገራል፤ ሌላው ደግሞ እያለው ይከለክላል፤ እናትም በበኩሏ ቀለቡ ስለ ቀረ ልጁን ከአባቱ ትሰውራለች። ቀለብን ያለ በቂ ምክንያት መከልከል በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 658 የሚያስቀጣ ነው፤ ነገር ግን አባቱን ያሳሰረ ቀለብ ለልጁ ልብ ሰላም አይሆነውም። ስለዚህ የአካባቢው ሽማግሌዎችና የንስሐ አባቶች፣ ባልና ሚስቱን ማስታረቅ ሲሳናቸው ነገሩን በዚያ ሳይተዉት፣ ቀለቡ በመኸር ጊዜ በእህል ጭምር እንዲሰጥ፣ ልጁም በትንሣኤ፣ በገናና በክረምቱ የትምህርት ዕረፍት ወደ ሌላው ወላጁ እንዲሄድ አስማምተው ስምምነቱን ፍርድ ቤት እንዲያጸድቀው ቢያደርጉ፣ ከብዙ ሙግት ያድናሉ።

ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም፤ ከፍቺ በኋላ ልጅን ለአንደኛው ወላጅ ብቻ ይሰጥ የነበረው የጃፓን ሕግ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2024 ተሻሽሎ ሁለቱም ወላጆች የወላጅነት ሥልጣኑን በጋራ እንዲይዙ ፈቅዷል። ጃፓን በአዲስ ሕግ የደረሰችበትን ሐሳብ የጎጃም ሰው በርስቱ ሥርዓት ያውቀው ነበር።

እንግዲህ እናንተ የተለያያችሁ ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁን የሙግታችሁ መሣሪያ አታድርጉት፤ በፊቱ አንዳችሁ ሌላውን አትንቀፉ፤ ፍቺ ባልነትንና ሚስትነትን ያፈርሳል እንጂ አባትነትንና እናትነትን አያፈርስምና።