የተቃረመን ኀይል ስለ መካፈል

ሽቦ የሌለው መገናኛ ቃልን ወደ ሩቅ ለመላክ ኀይል ያስፈልገዋል። ይህንንም ኀይል ከኤሌክትሪክ መሥመር ሳይቀበል፥ ከፀሐይ ብርሃን፥ ከነፋስ ወይም በአየር ከተበተነው የሬዲዮ ሞገድ ጥቂት በጥቂት ሰብስቦ በባትሪ የሚያኖር መሣሪያ አለ። ሥራው ሩት በቦዔዝ እርሻ እንደ ሠራችው ቃርሚያ ነው። እንግዲህ ብዙ የቃረመው ጥቂት ለቃረመው ጎረቤቱ ቢያካፍል፥ መገናኛው በጠቅላላው ይጠቀማል ወይስ ይጐዳል?

ነገሩን ለማስተዋል የመካን አካባቢ መመልከት ይጠቅማል። ከጅዳ ወደብ በስተ ምሥራቅ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በዚህች ከተማ አቅራቢያ፥ የሐጅ ተጓዦች በወሩ 8ኛ ቀን በሚና ድንኳኖች ያድራሉ፤ በ9ኛው በዐረፋት ሜዳ ይቆማሉ፤ ሌሊቱን በሙዝደሊፋ አሳልፈው በ10ኛው ወደ ሚና ይመለሳሉ። በ2024 እ.ኤ.አ. ቍጥራቸው ከ1.8 ሚሊዮን በላይ ነበረ። በዚያው ሐጅ ሙቀቱ በመካ 51.8 ዲግሪ ደርሶ፥ መንግሥቱ እንደ ገለጠው 1,301 ሰዎች ሞተዋል። በእንዲህ ያለ ቀን ከባልንጀሮቹ የተለየ ሰው ስልኩ ዝም ቢልበት አደጋው ቀላል አይደለም። የስልክ ማማዎች ሁሉ በቃርሚያ ብቻ የሚኖሩ ቢሆኑ፥ በ9ኛው ቀን የሚናው ማማ ጠግቦ ሥራ ሲፈታ የዐረፋቱ በደዋዩ ብዛት ይራብ ነበር።

የመካፈል ጥቅም የሚመጣው ኀይል እጥፍ ሲሆን መልእክት እጥፍ ስለማይሆን ነው። ይህን ክሎድ ሻነን በ1948 እ.ኤ.አ. በሒሳብ አስረድቷል። በአየር ያለው ሁከት 1 መስፈሪያ ቢሆን፥ 31 መስፈሪያ ኀይል ያለው ማማ 5 መልእክት፥ 1 መስፈሪያ ያለው 1 መልእክት ይልካል፤ ድምሩ 6 ነው። ባለጠጋው 16 ቢሰጥና ከዚያ ውስጥ 10ሩ በመንገድ ቢባክን፥ እርሱ በቀረው 15 መስፈሪያ 4 መልእክት ይልካል፤ ድኻው 7 መስፈሪያ ይዞ 3 ይልካል፤ ድምሩ 7 ሆነ። ከሚሰጠው የሚበዛው ጠፍቶ እንኳ ትርፍ መገኘቱ ያስደንቃል። ከ16ቱ የደረሰው 2 ብቻ ከሆነ ግን ትርፍም ኪሳራም የለም፤ ከዚያ ካነሰ አለመስጠት ይሻላል። ልባሞቹ ደናግል ዘይታቸውን ያላካፈሉት ለሁለቱም ወገን እንዳያንስ ሰግተው ነበር፤ መሐንዲሱም አስቀድሞ የሚመረምረው ይህንኑ ነው።

ሁለተኛ ሕግ አለ። ዛሬ የተቃረመ ለነገ ይቀመጣል፤ የነገው ግን ለዛሬ አይበደርም። በሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ሰኑር ኡሉኩሽና ባልደረቦችዋ በ2013 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ኀይልን ወደ አንድ ወገን ብቻ በሚፈስ ውሃ መስለውታል። የሐሩን አል ረሺድ ሚስት ዙበይዳ ለመካ ተጓዦች ያሠራችው የውሃ ቦይም ቁልቁል እንጂ ሽቅብ አይፈስም ነበር።

ኀይሉ በምን ይሻገር? የሬዲዮ ሞገድ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ኀይሉ ወደ ሩብ ስለሚወርድ፥ የሚበጀው ለቅርብና ለጥቃቅን መሣሪያዎች ነው፤ በትልልቅ ማማዎች መካከል ግን ሽቦ ይሻላል። ከጅዳ በስተ ሰሜን በቱወል በ2009 እ.ኤ.አ. በተከፈተው በንጉሥ ዐብዱላህ የሳይንስና የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ያሉ መምህራንም፥ ከእነርሱም አንዱ ሞሐመድ ስሊም አሉዊኒ፥ ኀይል ስለሚቃርሙ መገናኛዎች ጽፈዋል። የዚያ አገር ፀሐይ ብርቱ ነው ተብሎ ደግሞ ኀይሉ በዚያው ልክ አይታሰብም፤ የተለመደው የሲሊኮን ሰሌዳ ከ25 ዲግሪ በላይ ሲግል በየዲግሪው ከኀይሉ ከመቶ 0.4 ያህል ያጣል፤ የበረሓው አቧራም ይሸፍነዋል።