የዛፍ ቅርፊት የደም ስኳር ይቀንስ እንደሆነ እንዴት ይፈተሻል?

የዛፍ ቅርፊት የደም ስኳር የመቀነስ አቅም ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚፈተሸው በአይጦች ላይ ነው። አንድ ስም በተለያየ አካባቢ ለተለያዩ ዛፎች ስለሚሰጥ፣ ዛፉ የትኛው እንደሆነ አስቀድሞ የዕፅዋት ባለሙያ ማረጋገጥ አለበት፤ ይህ ከታለፈ የኋላው ልፋት ሁሉ ከንቱ ነው። ከዚያ ቅርፊቱ ጥላ ላይ ደርቆ ይፈጫል፤ ብዙ ጊዜ በሜታኖልና በውሃ ድብልቅ ለቀናት ይዘፈዘፋል። ተጣርቶ ፈሳሹ ሲተን የሚቀረው ለእንስሳቱ ይሰጣል። በቅድሚያ መርዛማነቱ ይታያል፦ ጥቂት አይጦች በኪሎ ግራም ክብደት እስከ 2000 ሚሊ ግራም ይሰጣቸውና 14 ቀን ይጠበቃሉ።

ቀጥሎ አይጦቹ ስኳር እንዲይዛቸው ይደረጋል። አሎክሳን ወይም ስትሬፕቶዞቶሲን የተባለ ኬሚካል ሲወጉ ኢንሱሊን የሚያመነጩት የቆሽት ሕዋሳት ይሞታሉ። አሎክሳን ሲሆን፣ ከሚሞቱት ሕዋሳት ኢንሱሊን በአንዴ ስለሚፈስ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ስኳሩ ለሕይወት በሚያሰጋ ደረጃ ይወርዳል፤ ስለዚህ የግሉኮስ ውሃ ይጠጣሉ። ከቀናት በኋላ ስኳራቸው ከፍ ያለ አይጦች ተለይተው በቡድን ይመደባሉ። አንዱ ቡድን የቅርፊቱ ጭምቅ ሲሰጥ የሚበጠበጥበትን ፈሳሽ ብቻ፣ ሌላው ግሊቤንክላማይድ የተባለውን የታወቀ መድኃኒት፣ ቀሪዎቹ ቅርፊቱን በተለያየ መጠን ይወስዳሉ። ከጅራታቸው በሚወሰድ የደም ጠብታ ስኳሩ በየጊዜው ይለካል። መጠኑ በጨመረ ቁጥር ስኳሩ ይበልጥ ከወረደ፣ ቅርፊቱ ለቀጣይ ጥናት የሚበቃ ነው።

ለቀጣይ ጥናት እንጂ ለሕክምና አይደለም። ቆሽቱ የተጎዳ አይጥ የአንደኛው ዓይነት ስኳር ሕመምተኛን ይመስላል፤ አብዛኞቹ ሰዎች ግን የሚታመሙት በሁለተኛው ዓይነት ነው። በቅርፊቱ ውስጥም ብዙ ኬሚካሎች ስላሉ የትኛው እንደሠራ ገና አይታወቅም።

መንገዱ ምን ያህል ረጅም እንደሆነ የፖም ዛፍ ያሳያል። ፍሎሪዚን የተባለው ንጥረ ነገር ከዛፉ የሥር ቅርፊት የተለየው በ1835 ነበር። በ1886 ጀርመናዊው ሐኪም ዮሴፍ ፎን ሜሪንግ ፍሎሪዚን የተሰጣቸው ውሾች ስኳርን በሽንት እንደሚያስወጡ አስተዋለ። ፍሎሪዚን ራሱ መድኃኒት አልሆነም፤ አንጀት ውስጥ በቀላሉ ይሰባበራል። ኬሚስቶች እርሱን ተመልክተው የቀመሩት ዳፓግሊፍሎዚን የተባለ የስኳር መድኃኒት በአውሮፓ የተፈቀደው በ2012 ነው።

የሕመምተኛ ቤተሰብ ሁሉ ይህን ልብ ይበል፦ ቅርፊት ቀቅሎ የሚጠጣ ሰው ለሐኪሙ ይንገር፤ ኢንሱሊኑን ግን ከቶ አያቋርጥ። የአንደኛው ዓይነት ሕመምተኛ ኢንሱሊን ካቋረጠ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊሞት ይችላል።