የሞለኪውሎች መለያያ ቅጽበት

የኬሚስትሪ መማሪያ መጻሕፍት አንድን አጸግብሮት፣ ማለትም ንጥረ ነገሮች ወደ ሌላ ንጥረ ነገር የሚለወጡበትን ሂደት፣ ሲገልጹ ከለውጡ በፊት ያለውን በግራ፣ ከለውጡ በኋላ የሚገኘውን በቀኝ ጽፈው በመካከላቸው አንዲት ቀስት ያሰምራሉ። የኬሚስትሪ ዋና ጉዳይ ያለው ግን በዚያች ቀስት ውስጥ ነው፤ አቶሞችን አስተሳስሮ የያዘው ኃይል የሚላላውና የሚበጠሰው፣ አዲሱም ትስስር የሚቋጠረው እዚያ ነውና። ይህ የሚፈጸምበት ጊዜ በፌምቶ ሰከንድ የሚለካ ሲሆን፣ አንድ ፌምቶ ሰከንድ ከአንድ ሰከንድ ጋር ሲነጻጸር፣ አንድ ሰከንድ ከ32 ሚሊዮን ዓመታት ጋር ሲነጻጸር እንደሚያንሰው ያህል ያንሳል።

ጆርጅ ፖርተርና ሮናልድ ኖሪሽ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጋዝን በብርቱ የመብራት ብልጭታ በመምታት ዕድሜያቸው አጭር የሆነ የሞለኪውል ስብርባሪዎችን ለማየት ችለው ነበር፤ ለዚህም ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ1967 የኖቤል ሽልማትን ከማንፍሬድ አይገን ጋር ተጋርተዋል። ይሁንና ብልጭታው ራሱ ትስስሩ ከሚበጠስበት ጊዜ እጅግ የረዘመ ስለነበር፣ ስብርባሪውን እንጂ ስብራቱን ማየት አልተቻላቸውም።

ስብራቱን ለማየት የበቁት በግብፅ ደማንሁር ከተማ ተወልደው፣ በእስክንድርያ ዩኒቨርሲቲ ተምረው፣ በኋላም በአሜሪካ በካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም ፕሮፌሰር የሆኑት አሕመድ ዘዌይልና ባልደረቦቻቸው ናቸው። ከዘዴው ሁሉ ይበልጥ የሚደነቀው ጊዜን በርቀት መለካቱ ነው። በፌምቶ ሰከንድ ፍጥነት የሚከፈትና የሚዘጋ የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ ስለሌለ፣ ከሌዘር የሚወጣው እጅግ አጭር የብርሃን ምት ለሁለት ይከፈልና የመጀመሪያው ሞለኪውሉን ለመፍረስ ያስነሣዋል፣ ሁለተኛው ደግሞ ጥቂት ዘግይቶ ደርሶ በዚያች ቅጽበት ያለበትን ሁኔታ ይመረምራል። ብርሃን በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ፣ በሁለተኛው ምት መንገድ ላይ ያለው መስተዋት የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ያህል ወደ ኋላ ሲሳብ ምቱ በደርሶ መልስ 7 ፌምቶ ሰከንድ ገደማ ይዘገያል።

ሞለኪውሎቹ በጋዝ መልክ መሆናቸውም አለምክንያት አይደለም። በፈሳሽ ውስጥ ያለ ሞለኪውል ከጎረቤቶቹ ጋር ያለማቋረጥ ስለሚጋጭ የራሱን ጠባይ ለይቶ ማወቅ ያስቸግራል፤ በሳሳ ጋዝ ውስጥ ግን እያንዳንዱ ለብቻው ይፈርሳል፣ የመጀመሪያውም ምት ሁሉንም በአንድ ጊዜ ስለሚያስነሣቸው እልፍ አእላፍ ሞለኪውሎች እንደ አንድ ሆነው ይታያሉ። እ.ኤ.አ. በ1987 በአዮዲን ሳያናይድ ጋዝ ላይ በተደረገው ሙከራ፣ አዮዲኑ ከካርቦንና ከናይትሮጅን ጥንድ ተለይቶ ለመሄድ 200 ፌምቶ ሰከንድ ያህል እንደሚፈጅበት ታወቀ።

ቀጥሎ የተጠናው ሶዲየም አዮዳይድ ከዚህ የበለጠ አስተማሪ ነው፤ ትስስር ሲበጠስ እንደ ክር በአንድ ጊዜ አለመበጠሱን ያሳያልና። ሶዲየሙ ኤሌክትሮን ለአዮዲኑ ሰጥቶ ሁለቱ በተቃራኒ የኤሌክትሪክ ሙል ተሳስበው ሲኖሩ፣ የሌዘሩ ምት ያንን ኤሌክትሮን ወደ ባለቤቱ ይመልሰዋል፤ መሳሳቡ የቀረው ጥንድም መራራቅ ይጀምራል። ርቀታቸው 0.7 ናኖ ሜትር ገደማ ሲደርስ ግን፣ አብዛኛውን ጊዜ ኤሌክትሮኑ እንደገና ወደ አዮዲኑ ይዘልና መሳሳቡ ተመልሶ ይጎትታቸዋል፤ እንዲህም ከ1,000 ፌምቶ ሰከንድ ትንሽ ባለፈ ጊዜ አንድ ዙር እየወጡና እየተመለሱ፣ በእያንዳንዱ ዙር ከአሥሩ አንዱ ያህል ብቻ አምልጦ ለዘለቄታው ይለያያል። ያመለጠው ሶዲየም የሚታወቀው፣ ጨው እሳት ላይ ሲበተን የሚታየውን ቢጫ ብርሃን በመቀበሉ ሲሆን፣ የሶዲየሙም ብዛት በየዙሩ እንደ ደረጃ ከፍ እያለ ሲሄድ ተለክቷል።

ዘዌይል እ.ኤ.አ. በ1999 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትን ለብቻቸው ተቀበሉ። ዘዴውም ከጋዝ አልፎ ሕይወት ወዳላቸው ነገሮች ተሻግሯል፤ በዓይን ውስጥ ብርሃን የሚቀበለው ሮዶፕሲን የተባለው ሞለኪውል ቅርጹን ለውጦ የማየትን ሂደት ለመጀመር የሚፈጅበት ጊዜም በሌዘር ምቶች ተለክቶ፣ እንደ አዮዲን ሳያናይድ መፍረስ ሁሉ፣ 200 ፌምቶ ሰከንድ ያህል ሆኖ ተገኝቷል።