ከዜሮ በታች የወረደ ኦክሲጅን፦ ቁጥራዊ ስሌትና የወንዝ ብክለት

ፍሳሽ የተለቀቀበት ወንዝ በአንድ ጊዜ አይሞትም። በፍሳሹ ውስጥ ያለውን ብስባሽ የሚመገቡ ረቂቅ ተሕዋስያን በውሃው ውስጥ የሟሟውን ኦክሲጅን ይጠቀማሉ፤ በአንጻሩ የወንዙ ገጽ ከአየር አዲስ ኦክሲጅን ይቀበላል። ስለዚህም ኦክሲጅኑ ከፍሳሹ መግቢያ ቁልቁል እየቀነሰ ሄዶ ዝቅተኛ ነጥብ ላይ ይደርስና እንደገና ያገግማል። ያ ነጥብ የት ነው? በዚያስ ዓሣ ሊኖር ይችላል? የፍሳሽ ማጣሪያ ሲነደፍ መመለስ ያለበት ጥያቄ ይህ ነው።

ስትሪተርና ፌልፕስ የተባሉ ተመራማሪዎች የአሜሪካውን የኦሃዮ ወንዝ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1925 ሂደቱን በዲፈረንሺያል እኩልዮሽ ገለጡት። ውሃው ሊይዝ ከሚችለው ኦክሲጅን የጎደለውን መጠን «ጉድለት» እንበለው። ጉድለቱ የሚጨምረው ከቀሪው ብክለት ጋር፣ የሚቀንሰው ደግሞ ከራሱ ከጉድለቱ ጋር በተመጣጠነ ፍጥነት ነው።

ለምሳሌ ያህል ብቻ የሚከተሉትን ቁጥሮች እንውሰድ። ብክለቱ ለመበስበስ በሊትር 20 ሚሊግራም ኦክሲጅን የሚፈልግ፣ የመበስበሱ መጠን በቀን 0.4፣ ከአየር የመቀበሉ መጠን በቀን 0.8፣ የመነሻው ጉድለት ዜሮ ይሁን። ኦይለር በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያስተማረን ዘዴ፣ አሁን ያለውን የለውጥ ፍጥነት በጊዜ እርምጃ አባዝቶ ወደሚቀጥለው መሻገር ነው። እርምጃችን አንድ ቀን ቢሆን፣ ከአንድ ቀን በኋላ ጉድለቱ 0.4 ሲባዛ በ20፣ ማለትም 8 ሚሊግራም ይሆናል።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በባሕር ጠለል ላይ ያለ ንጹሕ ውሃ በሊትር 9 ሚሊግራም ያህል ኦክሲጅን ይይዛል፤ የአየር ግፊቱ ዝቅተኛ በሆነበት በአዲስ አበባ ከፍታ ግን ወደ 7 ይጠጋል። ከ7 ላይ 8 ሲቀነስ ወንዛችን ከዜሮ በታች ኦክሲጅን አለው ማለት ነው! እንዲህ ያለውን ውጤት በክፍል ውስጥ ደጋግመን አይተናል፤ ተማሪው ኮምፒዩተሩ ያወጣውን አምኖ ግራፉን አሳምሮ ያቀርባል።

እርምጃውን ወደ ግማሽ ቀን ብናሳጥረው ከፍተኛው ጉድለት 5.92፣ ወደ ሩብ ቀን ብናሳጥረው 5.39 ይሆናል። ትክክለኛው መልስ 5 ነው። ሩንገ እ.ኤ.አ. በ1895፣ ኩታ በ1901 ያሻሻሉት ዘዴ ደግሞ በአንድ እርምጃ ውስጥ ፍጥነቱን አራት ጊዜ ይመዝናል። በዚህ ዘዴ የአንድ ቀን እርምጃ 4.37 ይሰጣል፤ በዚያ ቀን ትክክለኛው ጉድለት 4.42 ነው።

ትክክለኛ ቀመር ካለ በቁጥር መድከሙ ለምን ይጠቅማል የሚል አንባቢ አይታጣም። ቀመሩ የሚሠራው መጠኖቹ ሳይለወጡ ሲቀሩ ነው። ከተማውን አቋርጠው ወደ አባ ሳሙኤል የሚወርዱትን ትልቁንና ትንሹን አቃቂ እናስብ። በክረምት ሞልተው በበጋ ይሳሳሉ፤ ገባር ወንዞችና ፍሳሾች በየቦታው ይቀላቀሏቸዋል፤ ሙቀታቸው ከሌሊት ወደ ቀን ይለዋወጣል። ለእንዲህ ያለ ወንዝ ቀላል ቀመር አይገኝም፤ እርምጃ በእርምጃ ማስላት ግድ ይሆናል።

ስለዚህ ተማሪዎቻችን ሦስት ልማዶችን እንዲይዙ እንመክራለን። አንደኛ፣ ፕሮግራሙን መልሱ በሚታወቅ ጥያቄ ይፈትኑት። ሁለተኛ፣ እርምጃውን በግማሽ ቆርጠው እንደገና ያስሉ፤ መልሱ ጉልህ ለውጥ ካሳየ ገና አልደረሱም። ሦስተኛ፣ ከመጽሐፍ የሚገለበጡ ቁጥሮች ለየትኛው ወንዝና ለየትኛው ከፍታ እንደተለኩ ይጠይቁ። ከላይ ባየነው ምሳሌ ትክክለኛው ጉድለት 5 እንኳ ቢሆን፣ 9ን ይዞ የሚያሰላ ሰው 4 ሚሊግራም ቀርቷል ይላል፤ በእኛ ከፍታ ግን የቀረው 2 ብቻ ነው። በ4 የሚተርፍ ዓሣ በ2 ሊሞት ይችላል።

ይህን ስሌት ለመጀመር ኮምፒዩተር አያሻም። አንባቢ ወረቀትና እርሳስ ይዞ የሩብ ቀኑን እርምጃዎች ራሱ ቢሠራ፣ ወንዙ የሚያገግምበትን ነጥብ በገዛ እጁ ያገኘዋል።