ከአንድ ጽሑፍ አንድ ፕሮግራም

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 21 ቀን 1962፣ በእኛ አቆጣጠር ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ ስታዲየም የተባበረችውን የዐረብ ሪፑብሊክ 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ወሰደች። ቀኑ በሁለት ዓይነት ስለ ተጻፈ ሁለት ጨዋታ ነበረ የሚል ሰው የለም። በኮምፒዩተር ዘንድ ግን የቀን አጻጻፍ ከተለየ ፕሮግራሙም ተለየ ማለት ነው። የዛሬው ነገራችን ይኸው ነው።

ኮምፓይለር ሰው የጻፈውን ፕሮግራም ኮምፒዩተሩ ወደሚፈጽመው ትእዛዝ የሚለውጥ መሣሪያ ነው። አንድ ጽሑፍ በአንድ ዓይነት ኮምፓይለር ስታዲየም አጠገብም ሆነ ጎንደር ቢለወጥ ውጤቱ እስከ መጨረሻዋ ቢት አንድ ሊሆን ይገባዋል። ነገር ግን ብዙ ጊዜ አይሆንም፤ ሰዓቱ፣ የማኅደሩ ስም፣ የፋይሎቹ ቅደም ተከተልና የቋንቋው ምርጫ ሾልከው ይገባሉና። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2025 በወጣው የግኑ ኮርዩቲልስ 9.8 እትም፣ «ዴት» የተባለው ትእዛዝ ኮምፒዩተሩ በኢትዮጵያ አማርኛ ሲዘጋጅ ቀኑን በእኛው ዘመን አቆጣጠር ይሰጣል። ነገሩ ያስደስተናል፤ ሆኖም ይህ ቀን በፕሮግራሙ ውስጥ ከታተመ የእኛ ውጤት ከሌላው አገር ይለያል።

ታዲያ ምን ይጎዳናል? ኬን ቶምሰን እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተመው ንግግር፣ በጽሑፉ ላይ የማይታይ ስውር በር ኮምፓይለሩ ራሱ ሊያስገባ እንደሚችል አሳየ። ተሠርቶ የመጣልንን ፕሮግራም ከምንመረምርባቸው መንገዶች አንዱ ራሳችን ከጽሑፉ ሠርተን ማስተያየት ነው። ያለ ተንኮል የተሠሩትም እርስ በርሳቸው ከተለያዩ ግን ተንኮሉ በመካከላቸው ይሰወራል፤ ግርግር ለሌባ ይመቻል።

መድኃኒቱ ከባድ አይደለም። «ሶርስ ዴት ኢፖክ» በተባለው መለኪያ ጊዜውን በአንድ ቁጥር መወሰን፤ የሰዓት ክልሉን ዩቲሲ፣ የቋንቋ ምርጫውን «ሲ» ማድረግ፤ ፋይሎቹን በቋሚ ቅደም ተከተል መደርደር፤ የማኅደሩ ስም እንዳይገባ መከልከል፤ የኮምፓይለሩን እትም መዝግቦ መያዝ ነው። ከዚያም የሁለቱን ውጤት የሻ 256 አሻራ ማስተያየት ይበቃል። የዴቢያን ሠራተኞች እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ በዚህ ሥራ ተሰማርተዋል፤ ሆን ብለው ሰዓትና ቋንቋ እየለወጡ አንዱን ፕሮግራም ሁለት ጊዜ ይሠራሉ።

እንግዲህ ዘመን አቆጣጠራችንን እንተው አንልም። ፕሮግራሙን በሚጠቀመው ሰው ዓይን ፊት በክብር ይታይ፤ ፕሮግራሙ ሲሠራ ግን አይግባበት። እኛም ፕሮግራም ለጓደኞቻችን ከማደላችን በፊት፣ ሁለት ተማሪዎች በሁለት ኮምፒዩተር ለየብቻቸው ሠርተው ያስተያዩት።